ወታደር የለቀቀው ሜዳ የማን ነው?



እንደሚታወቀው በዚህ ዓመታዊ መጽሔታችን ከሒሳብና ከሥራ ዘገባው ቀጥሎ አባላት የጻፏቸው ጽሑፎች ይወጣሉ። ዘንድሮ እኛ የታሪክ ጽሑፍ እናቅርብ ብለን ስንነሣ የመረጥነው ጉዳይ ሜዳ ነው። ለዕድር መጽሔት ሜዳ ምን ይሠራለታል የሚል አይጠፋም። ግን እስቲ እናስበው፦ የዕድራችን ሥራ ሁሉ መሬት ይፈልጋል። ድንኳን የሚተከለው ክፍት ቦታ ላይ ነው፣ ሬሳ የሚሸኘው በጋራ መንገድ ነው፣ ቀብሩም የሚፈጸመው ማንም በግሉ ባልያዘው መሬት ነው። ስብሰባችንንም ቢሆን ብዙ ጊዜ የምናደርገው በዛፍ ጥላ ሥር ነው። ይህ ሁሉ ቦታ በስማችን ካርታ የወጣለት ሳይሆን ስንጠቀምበት የኖርነው ብቻ ነው። እንግዲህ አንድ ቀን መሐንዲስ ሜትር ይዞ መጥቶ «ይህ ባዶ ቦታ ነው፣ ይለማል» ቢለን ምን ብለን እንመልሳለን? ለዚህ ጥያቄ መልስ የሚሆን ነገር የምናገኘው ወታደር ከለቀቃቸው ሜዳዎች ታሪክ ነው ብለን ስላመንን ይህን ጽፈናል። ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ በእኛ አቆጣጠር አድርገነዋል።

ሰፈርና ከተማ

በመጀመሪያ ከገዛ ቋንቋችን እንነሣ። «ሰፈር» የምንለው ቃል «ሰፈረ» ከሚለው የመጣ ነው፤ ጦር ዘምቶ ሲያርፍ ሰፈረ ይባላል። «ከተማ» የሚለውም እንዲሁ ነው፤ ከተመ ማለት ንጉሥ ወይም የጦር አለቃ ድንኳኑን ተክሎ፣ ዙሪያውን አጥሮ ተቀመጠ ማለት ነበር። የጥንት ነገሥታት በአንድ ቦታ የሚቆዩት እንጨቱና ሣሩ እስኪያልቅ ነው። ከዚያ ድንኳኑ ይነቀልና ሌላ ኮረብታ ላይ ይከተማል። አዲስ አበባ ራሷ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር የተሠራችው በዚሁ መልክ ነው። ቤተ መንግሥቱ መካከል ላይ ሆነ፤ መኳንንቱ ደግሞ እያንዳንዳቸው ወታደሮቻቸውን ይዘው በየኮረብታው ሰፈሩ። የራስ ተሰማ ሰፈር፣ የፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ሰፈር እየተባለ እስከ ዛሬ የሚጠራው ከዚያ የተነሣ ነው። ጦር ኃይሎች፣ አራተኛ ክፍለ ጦር የሚባሉት የኋለኛው ዘመን ስሞችም የዚያው ወንድሞች ናቸው።

ይህን የምናነሣው ለቃላት ጨዋታ አይደለም። ወታደር የለቀቀው ቦታ የሰው መኖሪያ መሆኑ በአገራችን አዲስ ነገር አለመሆኑን ለማሳየት ነው። ወታደሩ ይሄዳል ወይም ጡረታ ወጥቶ እዚያው ይቀራል፤ ሚስት ያገባል፣ ቤት ይሠራል፣ ጎረቤት ያፈራል፣ ሲሞትም የሚቀብረው ጎረቤቱ ነው። ዕድር የሚባለው ነገር የበቀለው ከዚህ ዓይነቱ ሰፈር ነው። ስለዚህ የጦር ሰፈር ሲለቀቅ «ከዚህ በኋላ የማን ነው?» የሚለው ጥያቄ ሲነሣ በአገራችን የኖረው መልስ «እዚያ የሚኖርበትና የሚጠቀምበት ሕዝብ ነው» የሚል ነበር። ችግር የመጣው መሬት ዋጋ ካወጣና ፕላን የሚባል ወረቀት ከመጣ ወዲህ ነው።

የጃንሆይ ሜዳ

በአዲስ አበባ ከስድስት ኪሎ በስተምሥራቅ ያለውን ጃን ሜዳን የማያውቅ የለም፤ ያላየው እንኳ በጥምቀት ዕለት በቴሌቪዥን አይቶታል። ስሙ የጃንሆይ ሜዳ ከሚለው አጥሮ የቀረ ነው። ሜዳው የጦር ሰልፍ ቦታ ነበር። ጥቅምት 17 ቀን 1909 ዓ.ም. የሸዋ ጦር በሰገሌ ንጉሥ ሚካኤልን ድል ካደረገ በኋላ፣ ድል አድራጊው ሠራዊት ሰልፉን ያሳየው በዚህ ሜዳ ነው። የእንግሊዝ ሚኒስትር ልጅ የነበረውና በኋላ በጉዞ መጻሕፍቱ ስሙ የታወቀው ዊልፍሬድ ቴሲጀር ያን ሰልፍ ሲያይ ገና የስድስት ዓመት ልጅ ነበረ፤ ያየውንም እስከ ሽምግልናው ድረስ አልረሳውም። ከዚያም በኋላ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ሜዳው የክብር ዘበኛ ሰልፍ የሚታይበት፣ ፈረስ የሚጋለብበት ሆኖ ቆየ።

ታዲያ ሜዳው የወታደር ብቻ ነበር? አልነበረም። ወታደሩ ሰልፉን ጨርሶ ሲወጣ ሕዝቡ ይገባል። በገና ዕለት የገና ጨዋታ ይደረግበታል፣ በጥምቀት ከየአድባራቱ የሚወርዱት ታቦታት ያድሩበታል፣ የአገር አቋራጭ ሩጫ ይካሄድበታል፣ በቀረው ቀን ደግሞ የሰፈር ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል። መንግሥት ሲለዋወጥ፣ ንጉሡ ሲወርድ፣ ደርግ መጥቶ ሲሄድ ሜዳው ሜዳ እንደሆነ ቀረ። ማንም «ይህ የእኔ ነው» ብሎ አጥር አላጠረበትም፤ ግን ሁሉም ያውቀዋል።

የ2012 ዓ.ም. ነገር የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። በመጋቢት ወር የኮሮና ወረርሽኝ ወደ አገራችን ሲገባ፣ ፒያሳ አጠገብ በነበረው በአትክልት ተራ ሰው ተጨናንቆ በሽታው እንዳይዛመት ተብሎ ገበያው ወደ ጃን ሜዳ ተዛወረ። እውነቱን እንናገር፦ ምክንያቱ በቂ ነበር። ሰው ተራርቆ እንዲገበያይ ሰፊ ቦታ ያስፈልግ ነበር፤ በከተማው መካከል ያን ያህል ሰፊ ሆኖ የተገኘው ደግሞ ጃን ሜዳ ነው። ነገር ግን ለጊዜው የተባለው ሰነበተ። ክረምቱ ገባ፣ ጭቃው ከአትክልት ጥራጊ ጋር ተደባለቀ፣ የጭነት መኪና ሣሩን አረሰው። መስከረም አልፎ ጥቅምትና ኅዳር ሲመጣ ሰዉ መጨነቅ ጀመረ፤ ምክንያቱም ጥር 11 እየቀረበ ነው። የጥምቀት በዓል ደግሞ በዚያው በ2012 ዓ.ም. በታኅሣሥ ወር በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ የተመዘገበ ነው። ቤተ ክርስቲያኒቱ ሜዳው ለበዓሉ እንዲለቀቅ ጠየቀች፤ ምእመናኑም፣ የሰፈሩም ሰው እንዲሁ። በመጨረሻ ገበያው በታኅሣሥ 2013 ዓ.ም. ኃይሌ ጋርመንት ወደሚባለው አካባቢ ተነሥቶ ሄደ፤ ወጣቶችም ወጥተው ሜዳውን ጠረጉ፤ ጥምቀቱም በቦታው ተከበረ።

ከዚህ ታሪክ የምንወስደው አንድ ነገር አለ። ጃን ሜዳን ያስመለሰው ገንዘብ አይደለም፣ ጉልበትም አይደለም። ቀን የተቆረጠለት ልማድ ነው። ጥር 11 የማይለወጥ ቀን ስለሆነ «እስከ መቼ?» ለሚለው ጥያቄ መልስ ነበረ። ልማድ የሌለው ሜዳ ቢሆን ኖሮ «ለጊዜው» የተባለው ገበያ እዚያው ሥር ሰዶ ይቀር ነበር ብንል ማጋነን አይሆንም።

የበርሊን ሰዎች ያደረጉት

አሁን ደግሞ ራቅ ብለን ወደ ጀርመን አገር እንሂድ። የምንሄደው ለጃን ሜዳ ወንድም የሚሆን ሜዳ በዚያ ስላለ ነው። በበርሊን ከተማ ቴምፕልሆፍ የሚባል ከ300 ሄክታር በላይ የሆነ ሜዳ አለ። በ18ኛው መቶ ዓመት የፕሩሲያ ነገሥታት ወታደር የሚያሰልፉበት ቦታ ነበር። እዚያም ልክ እንደ እኛው ወታደሩ በማይኖርበት ቀን የበርሊን ሰው ምሳውን ቋጥሮ እየወጣ ሣሩ ላይ ይቀመጥ ነበር። በ1916 ዓ.ም. አውሮፕላን ማረፊያ ሆነ። ናዚዎች ሲመጡ አጠገቡ የእስረኞች ማጎሪያ ከፈቱ፤ ግዙፍ ሕንፃም ሠሩበት፤ በጦርነቱ ጊዜ ከየአገሩ በግዳጅ የተጋዙ ሰዎች የጦር አውሮፕላን ይገጣጥሙበት ነበር። በ1937 ዓ.ም. ጦርነቱ ሲያበቃ አሜሪካኖች ገቡና የአየር ኃይላቸው ሰፈር አደረጉት።

በሰኔ 1940 ዓ.ም. ሶቪየቶች ወደ ምዕራብ በርሊን የሚያስገባውን መንገድና ባቡር ሲዘጉ፣ የከተማው ሕዝብ እህልና ከሰል ያገኘው በአውሮፕላን ነው። ብዙው የወረደው በዚህ ሜዳ ነበር። መንገዱ የተከፈተው በግንቦት 1941 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ ለበርሊን ሰው ያ ሜዳ ከረሃብ የዳነበት ቦታ ነው። አሜሪካኖቹ በ1980ዎቹ አጋማሽ ለቀቁ፤ ሲቪሉ አውሮፕላን ማረፊያም በጥቅምት 2001 ዓ.ም. ተዘጋ። ከዚያ በኋላ ሜዳው እንደታጠረ ቆየ። በሰኔ 2001 ዓ.ም. ብዙ ሺህ ሰው አጥሩን አልፎ ልግባ ብሎ ወጣ፤ ፖሊስ ከለከለው። በሚያዝያ 2002 ዓ.ም. መጨረሻ ግን ከተማው በሩን ከፈተና ሕዝቡ ገባ። አውሮፕላን ይንደረደርበት በነበረው አስፋልት ላይ ብስክሌት ተነዳ፤ ዳር ዳሩን ጎመንና ቲማቲም ተተከለ።

የከተማው አስተዳደር ግን ሌላ ሐሳብ ነበረው። በሜዳው ዳርቻ 4,700 ያህል መኖሪያ ቤቶችና አንድ ትልቅ ቤተ መጻሕፍት ልሥራ፣ መካከሉ 230 ሄክታር ያህል ክፍት ሆኖ ይቀራል አለ። ይህንንም ሐሳብ ማቃለል አይገባም። በርሊን ሰው እየበዛባት፣ የቤት ኪራይ እየጨመረ ነበር። «ሰው ቤት አጥቶ እናንተ ለብስክሌት መንጃ ትከራከራላችሁ» የሚለው ነቀፋ የሚያሳፍር ነበር፤ ዛሬም ያሳፍራል። ተቃዋሚዎቹ በበኩላቸው «ቤቱ ይሠራ፣ ግን ሌላ ቦታ አለ፤ እዚህ የሚሠራውም ቤት ለድሃው የሚደርስ ስለመሆኑ ምን ዋስትና አለን? ዳሩን ከሰጠን ደግሞ መካከሉን ነገ ትጠይቁናላችሁ» አሉ።

እንዴት ተከራከሩ? ሥራው የተሠራው በመዝገብና በፊርማ ነው። ራሱን «መቶ በመቶ የቴምፕልሆፍ ሜዳ» ብሎ የሰየመ የነዋሪዎች ማኅበር ተቋቋመ። ሕግ ረቂቅ ጻፉ፤ ማለትም «እንቃወማለን» ብለው አላቆሙም፣ ሜዳው እንዴት እንደሚጠበቅ በአንቀጽ አስቀመጡ። በከተማው ሕግ መሠረት ሕዝብ ድምፅ እንዲሰጥ ለማስደረግ በአራት ወር ውስጥ ወደ 174 ሺህ ፊርማ ያስፈልግ ነበር። በየገበያውና በየባቡር ጣቢያው ቆመው ትክክለኛነቱ የተረጋገጠ ከ185 ሺህ በላይ ፊርማ አመጡ። ግንቦት 17 ቀን 2006 ዓ.ም. ድምፅ ተሰጠ፤ ድምፅ ከሰጠው ሰው 64 በመቶ ያህሉ የነዋሪዎቹን ሕግ ደገፈ። በዚህም ሜዳው ላይ እንዳይሠራ ሕግ ሆነ።

ነገሩ ግን እዚያ አላበቃም። በ2008 ዓ.ም. ከሶሪያና ከሌላ አገር ብዙ ስደተኛ ወደ ጀርመን ሲገባ፣ የአውሮፕላን ማረፊያው ሕንፃ ማደሪያ ሆነ፤ ሕጉም በሜዳው ጠርዝ ለስደተኞች ጊዜያዊ መጠለያ እንዲተከል ተብሎ ተሻሻለ። ከዚያም ወዲህ የከተማው አስተዳደር የቤቱን ነገር ደጋግሞ አንሥቷል። ስለዚህ የበርሊን ሰዎች በየዓመቱ ሜዳቸውን እየጠበቁ ነው።

አሸንፎ መተኛት

ስለ መጠበቅ ካነሣን ሌላም ምሳሌ እንጨምር። በአሜሪካ በካሊፎርኒያ ክፍለ ሀገር፣ ኦሬንጅ ካውንቲ በሚባል ወረዳ፣ ኤል ቶሮ የሚባል የባሕር ወለድ ጦር አውሮፕላን ማረፊያ ነበር። በ1935 ዓ.ም. በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የተከፈተ ነው፤ ስፋቱ ወደ 1,900 ሄክታር ነበር። በ1985 ዓ.ም. እንደሚዘጋ ተነገረ፤ በሰኔ 1991 ዓ.ም. ተዘጋ። የወረዳው አስተዳደር ዓለም አቀፍ የሲቪል አውሮፕላን ማረፊያ እናድርገው አለ፤ በ1987 ዓ.ም. በተሰጠ ድምፅም ይህ ሐሳብ በጥቂት ብልጫ አለፈ። በአቅራቢያው ያሉት ከተሞች ግን «ሌሊትና ቀን ከራሳችን በላይ አውሮፕላን ሊያጓራብን ነው» ብለው ተነሡ። በሌላው አቅጣጫ ያሉት ደግሞ እነሱ አጠገብ ያለው ትንሹ ማረፊያ እንዳይሰፋባቸው ፈርተው ኤል ቶሮን ደገፉ። ጎረቤት ከጎረቤት ተጣላ። ስምንት ዓመት ያህል ተከራክረው በየካቲት 1994 ዓ.ም. በሌላ ድምፅ 58 በመቶ ያህሉ ማረፊያው ቀርቶ ቦታው ትልቅ የሕዝብ መናፈሻ ይሁን አለ።

ተደሰቱ። ነገር ግን ቦታው የባሕር ኃይሉ ንብረት ስለነበረ በ1997 ዓ.ም. ጨረታ ወጣበትና አብዛኛው ከ640 ሚሊዮን ዶላር በላይ ለቤት ሠሪ ኩባንያ ተሸጠ። ኩባንያው መሬቱን ለመናፈሻው እሰጣለሁ፣ በምትኩ ቤት እሠራለሁ ብሎ ተስማማ። ቤቱ በብዙ ሺህ ተሠራ፤ መናፈሻው ግን በተባለው ልክና ፍጥነት አልመጣም፣ ለብዙ ዓመታት ጥቂት በጥቂት እየተሠራ ቆየ። አውሮፕላን ማረፊያውን አስቀርተዋል፤ እሱ ትልቅ ነገር ነው። «ምን አንፈልግም» የሚለውን በደንብ ቆጥረው ድምፅ ሰጡበት፤ «ምን እንፈልጋለን፣ ማን ያስፈጽማል፣ በምን ገንዘብ» የሚለውን ግን ለሌላ ሰው ተዉት። እኛ ይህን ከዕድር ጋር ስናስተያየው፣ መዋጮ ተዋጥቶ ገንዘብ ያዥ ሳይመረጥ እንደ መበተን ያለ ነገር ሆኖ አግኝተነዋል።

በለስ ሸለቆ

ይህን ሁሉ ካልን በኋላ ስለ ገዛ አገራችን ዝም ብንል አያምርም። በበለስ ሸለቆ የሆነው የጦር ሰፈር ጉዳይ አይደለም፤ ግን «ባዶ መሬት» የሚለው ቃል ምን ሊያመጣ እንደሚችል ከበርሊንም ከካሊፎርኒያም ይልቅ ለእኛ የቀረበ ትምህርት ስለሆነ እዚህ መግባቱ ተገቢ ነው።

ከ1977 ዓ.ም. ረሃብ በኋላ የደርግ መንግሥት ከወሎ፣ ከሸዋ፣ ከከምባታና ከሐዲያ፣ ከጎጃምም ጭምር ሰው አንሥቶ በበለስ አሰፈረ። የሰፈረው ሰው ቁጥር ወደ 80 ሺህ የሚጠጋ ነበር። በኢጣልያ መንግሥት ገንዘብ የጣና በለስ ፕሮጀክት ተከፈተ፤ ትራክተር ገባ፣ ደን ተመነጠረ፣ መንደሮቹም ስም ሳይሆን ቁጥር ተሰጣቸው። ዛሬም በፓዊ መንደር ሁለት፣ መንደር ሰባት እየተባለ ይጠራል። በዕቅዱ ወረቀት ላይ ሸለቆው ሰው የሌለበት፣ ለም መሬት ተብሎ ተጻፈ።

ምኑ ነው ባዶው? የጉሙዝ ሕዝብ እዚያ ነበረ። ጉሙዝ የሚያርሰው በፈረቃ ነው፤ አንዱን መሬት ጥቂት ዓመት ያርስና እንዲያርፍ ይተወዋል፣ ወደ ሌላው ይሄዳል፣ ዓመታት ቆይቶ ደግሞ ይመለሳል። የሚያርፈው መሬት ማር የሚቆረጥበት፣ አውሬ የሚታደንበት፣ መድኃኒት የሚለቀምበት ነው። ከሩቅ መጥቶ ለሚያይ መሐንዲስ ግን ያረፈ መሬትና ባለቤት የሌለው መሬት አንድ ናቸው። ጉሙዙ ከመሬቱ ተገፋ፤ ሰፋሪውም ቢሆን ብዙው ወድዶ አልመጣም፣ መጥቶም ወባውና ሌላው በሽታ ብዙ ሰው ፈጀበት። በ1983 ዓ.ም. መንግሥቱ ሲወድቅ ፕሮጀክቱም ቆመ፤ በአንድ መሬት ላይ ሁለት የተበደሉ ሕዝቦች ጎን ለጎን ቀሩ። ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ በመተከል የደረሰውን መከራ ለእናንተ መንገር አያስፈልገንም። የዚያ ሁሉ ምክንያት አንድ ነው አንልም። ነገር ግን መሬቱን «ባዶ» ያለው ያ ወረቀት ሲጻፍ የሚጠቀምበት ሰው ተጠይቆ ቢሆን ኖሮ፣ ቢያንስ አንዱ የጠብ ሥር ከመሬት ባልገባ ነበር።

በበርሊን ሕዝቡ ተጠየቀ፣ ፊርማው ተቆጠረ። በበለስ የጠየቀም የቆጠረም አልነበረም። ልዩነቱ ይኼ ነው እንጂ የበርሊን ሰው ሜዳውን ከጉሙዝ አብልጦ ስለወደደ አይደለም።

ለእኛ የሚጠቅመን

ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁም ይባላል። አጥር ለሌለው ለጋራ ቦታ ታዲያ ባለቤትነቱ የሚታወቀው በምንድን ነው? ካየናቸው ታሪኮች የምናገኘው መልስ፣ ቦታውን ዘወትርና በግልጽ በመጠቀም፣ የተጠቀሙበትንም ጽፎ በማስቀመጥ ነው የሚል ነው። ጽፎ በማስቀመጥ በኩል ዕድር ማንንም አይፈራም። የስም ጥሪ እናደርጋለን፣ ቃለ ጉባኤ እንይዛለን፣ የቀረን እንቀጣለን፣ ሒሳቡን በየዓመቱ እናስመረምራለን። በርሊኖች ለሜዳቸው ያደረጉት ከዚህ የተለየ ሥራ አይደለም።

ስለዚህ የሚከተለውን ለአባላት እናሳስባለን። በመጀመሪያ፣ ድንኳን የምንተክልባቸውን፣ ቀብር የምንፈጽምባቸውን፣ የምንሰበሰብባቸውንና ከብት የሚያርፍባቸውን የጋራ ቦታዎች በዕድራችን መዝገብ እንጻፋቸው፤ ወሰናቸውንም ሽማግሌዎች በሕይወት ሳሉ ያመልክቱን። ሽማግሌ ሲሞት እኛ እንቀብረዋለን፤ የሚያውቀው ወሰን ግን አብሮት እንዳይቀበር። ስንጽፍም የእኛን ብቻ ሳይሆን የጎረቤቶቻችንን ጥቅም፣ የጉሙዙን፣ የሺናሻውን፣ የአገውን፣ የአማራውን፣ የኦሮሞውን አብረን እንጻፍ። የእኛን ጥቅም አስገብቶ የሌላውን «ባዶ» የሚል መዝገብ የበለስን ወረቀት መድገም ይሆናል።

ቀጥሎ፣ ሕጉን እንወቀው። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው ይላል፤ ይህን ሁላችንም እንሰማለን። በአንቀጽ 43 ንዑስ አንቀጽ 2 ደግሞ ዜጎች በልማት የመሳተፍ፣ የሚገኙበትን ማኅበረሰብ በሚመለከት ፖሊሲና ፕሮጀክት ላይ ሐሳባቸውን እንዲሰጡ የመጠየቅ መብት እንዳላቸው ይናገራል፤ ይህን ግን ብዙዎቻችን አንሰማውም። አንድ ቦታ ይለማል ሲባል «አትንኩብን» ከማለት በፊት «በአንቀጽ 43 መሠረት አነጋግሩን» ማለት ይቻላል። ቃሉ ጠብ የለበትም፣ ሕግ ግን አለበት።

በመጨረሻም፣ ልማትን ሁሉ እንደ ጠላት አንይ። ትምህርት ቤትም፣ ጤና ጣቢያም፣ የወጣቱ መኖሪያ ቤትም መሬት ይፈልጋሉ። በርሊን ቤት ያጣው ሰው ልክ ነበር፤ አትክልት ተራን ከበሽታ ለማዳን ሜዳ የፈለገውም ልክ ነበር። እኛ የምንለው፣ አሳብ ሲመጣ የእኛም አሳብ ተዘጋጅቶ ይጠብቀው ነው። የቱን መስጠት እንደምንችል፣ የቱን እንደማንችል፣ የምንሰጠው ለስንት ጊዜና በምን ሁኔታ እንደሆነ አስቀድመን ተነጋግረን ቢሆን፣ «ለጊዜው» ለሚባለው ነገርም ልክ እንደ ጃን ሜዳው የመመለሻ ቀን እንቆርጥለታለን። የተስማማነውንም ተከታትሎ የሚያስፈጽም ሰው በስም እንምረጥ፤ የካሊፎርኒያ ሰዎች ድምፁን አግኝተው መናፈሻው የዘገየባቸው በዚህ በኩል ነውና።

ይህን ጉዳይ በሚቀጥለው ጠቅላላ ስብሰባ የዕድሩ ዳኛና ጸሐፊው በአጀንዳ እንዲያስይዙልን እንጠይቃለን፤ የጋራ ቦታዎችን መዝግቦ የሚያቀርብ፣ ሴቶችም ወጣቶችም ያሉበት አምስት ሰው ቢመረጥ ይበቃል። ወሰን የሚያውቅ ሽማግሌ በቤቱ ያለው አባል ከስብሰባው በፊት ስማቸውን ለጸሐፊው ያስመዝግብ።

ለመጪው ዓመት በሰላም ያድርሰን፤ የሞቱትን ነፍስ ይማር።